ፕሪሙሱ መጀመሪያ ይነፋ ወይስ ይሙቅ?

የወፍጮ ቤት ሰፈር መረዳጃ እድር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1951 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ ከአቶ ሙህዲን ሱቅ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በስንዴ ጆንያዎች መካከል
ሰዓት፦ ጥሪው ለ8 ሰዓት ነበር። ሊቀመንበሩ የገቡት 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

የተገኙ፦
1. ግራዝማች ኃይለየሱስ፦ ሊቀመንበርና የፕሪሙሱ ሣጥን ቁልፍ ያዥ
2. አቶ ሀብተ ማርያም፦ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው
3. አቶ ሙህዲን፦ ንብረት ክፍል፣ የመጋዘኑም ባለቤት
4. አቶ ቱሳ፦ አባል፣ ገበሬ
5. ፈቃደ፦ ጸሐፊ፣ ሳይጠየቅ የተመረጠ፣ ትናንት ማታ ሴት ልጅ የተወለደችለት

ያልተገኙ፦ የቀሩት ሁሉ፣ በዝናቡ ምክንያት።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

በደንባችን መሠረት ጉባኤ የሚሞላው በዘጠኝ ሰው ነው። ግራዝማች ዝናቡ እስኪያባራ ከተጠበቀ መስቀል መድረሱ እንደማይቀር አስረድተው ሐሳብ አቀረቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ በስብሰባው ክፍል ውስጥ የተገኘ አባል ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ምልዓተ ጉባኤ ሆኖ እንዲወስን፣ ከክፍሉ ውጭ ያለ ሰው ግን ሊቀመንበርም ቢሆን ድምፅ እንዳይኖረው ተወሰነ። «ሊቀመንበርም ቢሆን» የሚለውን ያስገቡት ራሳቸው ሊቀመንበሩ ናቸው። በደንብ ፊት ሁሉም እኩል መሆኑን ለማሳየት ነው ብለዋል።

ጸሐፊው የዕለቱ አጀንዳ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ለመናገር እጁን አወጣ። አቶ ሀብተ ማርያም ጸሐፊ ከተናገረ ማን ይጽፋል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ጸሐፊው መናገር የሚችለው በክፍሉ ውስጥ ሌላ መናገር የሚፈልግ የኮሚቴ አባል ከሌለ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እንዲሁም ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ሳይዘጋ ወንበሩን ትቶ እንዳይወጣ ተጨመረ። ጸሐፊው ይህን በገዛ እጁ ጽፏል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ፕሪሙሱ

ሹፌር ገብረኪዳን ወደ ናዝሬት ሲዛወር በላምባ የሚሠራ ፕሪሙስ የሚሉት የናስ ምድጃ ለእድሩ በስጦታ ትቶ መሄዱ ይታወሳል። ዕቃው በሣጥን ተቆልፎ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። ከሰኔ ወዲህ ተቆልፎ የቆየው በአጠቃቀሙ ላይ ደንብ ስላልወጣ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ሁኔታው ይብራራ። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ወንዙ ስለሞላ እንጨት ሻጮች ከተራራው አልወረዱም፤ የሳጉሬ መንገድ ጭቃ ስለሆነ የጸሐፊው አማት መምጣት አልቻሉም። በሰፈሩ ያለው እንጨት እርጥብ ነው፤ ኩበቱም ያጨሳል እንጂ አይነድም። የጸሐፊው ባለቤት ጥሩነሽ ከወለደች ጀምሮ የቀመሰችው በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ በሶ ብቻ ነው። አራስ ናት እኮ! ትኩስ ገንፎ ያስፈልጋታል። ፕሪሙሱ ደግሞ ይኸው፣ ከጸሐፊው ቀለም ብልቃጥ አጠገብ ተቀምጧል። የጸሐፊው ጥያቄ በአጀንዳ ሦስት፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ተይዟል።

ግራዝማች ውይይቱን ሲከፍቱ ይህ መሣሪያ እሳትን በቆርቆሮ ያሰረ ስለሆነ በዋዛ መታየት የለበትም አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ፕሪሙሱን ልምድ የሌለው ሰው እንዳይነካው ተወሰነ።

አቶ ቱሳ ልምድ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ገብረኪዳን ነው ተባለ። ገብረኪዳን የት ነው? ናዝሬት ነው። ሌላውስ ልምድ የሚያገኘው እንዴት ነው? በመንካት ነው። አቶ ቱሳ «ዋዮ! እንግዲያው ይቺ ነገር ሳትነካ ልታረጅ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንዳይመዘገብ ታዟል፤ ተመዝግቧል።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ከዲጃ በሩን ከፍተው ገቡ። ወይዘሮ ከዲጃ የጸሐፊው ጎረቤት ሲሆኑ፣ ትናንት ማታ ልጅቷን የተቀበሉ፣ ዛሬም አራሷን የያዙ ሴት ናቸው። «ማሎ፣ እባክዎ ግራዝማች፣ አራሷ ትንቀጠቀጣለች። ፕሪሙሷን ለአንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ» አሉ። አቶ ሀብተ ማርያም ተናጋሪዋ የኮሚቴ አባል አለመሆናቸውን በአክብሮት አስታወሱ። ወይዘሮ ከዲጃም በአክብሮት ወጡ። በሩ ግን ሲዘጋ በጣም ጮኋል።

አጀንዳ አንድ፣ ፊደል ሀ፦ ስለ ቅቤ

አቶ ሀብተ ማርያም ጊዜው ጾመ ፍልሰታ መሆኑን ገልጸው፣ የአራስ ገንፎ ደግሞ ያለ ቅቤ እንደማይሆን፣ የእድር ዕቃ ቅቤ ቅቤ ከሸተተ የነገ የሐዘንተኛ ንፍሮ በምን ሊቀቀል እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሙህዲን ደግሞ፣ ነገሩ ከተነሣ አይቀር ብለው፣ የክርስቲያንና የእስላም ድስት በእድሩ ተለይቶ ሲቀመጥ መኖሩን፣ ምድጃው ግን አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሥጋ የተጣደ ቀን የእሳቱ ነገር እንዴት ሊሆን እንደሆነ አሳሰቡ።

አቶ ቱሳ እሳት ሲበላ አይተው እንደማያውቁ፣ የሚያበስለውን ሁሉ ለሰው ትቶ እንደሚሄድ ተናገሩ። አቶ ሙህዲን «ወላሂ እውነት ነው» ብለው ጥያቄያቸውን ተዉ። አቶ ሀብተ ማርያም ግን የቅቤውን ጉዳይ አልለቀቁም። ገንፎ ላይ ቅቤ የሚጨመረው ከወጣ በኋላ ገበታ ላይ መሆኑን ጸሐፊው በምልክት ለማስረዳት ሞክሮ፣ በምልክትም መናገር መናገር ነው ተብሎ ተገሥጿል። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ፕሪሙሱ ባለበት ክፍል ቅቤ እንዳይገባና ከደጃፍ ውጭ ሆኖ እንዲጠብቅ ተወሰነ።

ወይዘሮ ከዲጃ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው በሩን ገርበብ በማድረግ «አለቀ?» አሉ። አላለቀም ተባሉ። «አላህ ትዕግሥት ይስጠኝ» ብለው ሄዱ። ጸሐፊው በዚህ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ በሩ ማየቱ እንዲመዘገብለት ራሱ አመልክቶ ራሱ ፈቅዷል።

አጀንዳ አንድ፣ ፊደል ለ፦ ስለ መስኮት፣ ስለ ጠረጴዛና ስለ አለኳኮስ

ኮሚቴው በጋራ ልምድ ለማግኘት ፕሪሙሱን እዚሁ እንዲለኩስ ግራዝማች ሐሳብ አቅርበው ተቀባይነት አገኘ። ሣጥኑ ተከፈተ። ናሱ እንደ አዲስ ያበራል።

አቶ ሙህዲን እሳት በተዘጋ ቤት አደገኛ ስለሆነ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት አሉ። ግራዝማች ቁርጥማት እንዳለባቸውና ብርድ እንደማይወዱ ገልጸው ተቃወሙ። በስምምነት መስኮቱ እኩሌታው እንዲከፈት ተወሰነ። አቶ ሙህዲን ጆንያዎቻቸው ከእሳቱ እንዲርቁላቸው ለምነው፣ ተነሥተውም ራሳቸው አርቀዋል፤ የላምባውንም ጣሳ ውጭ አውጥተዋል።

ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር በመሆኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕሪሙስ ደልደል ያለ ቦታ ይፈልጋል ስለተባለ ከእግሩ ሥር የሚገባ ነገር ተፈልጎ፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ልክ ሆኖ ተገኘ። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ ሲጠቅም ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ተነሣ። አቶ ሙህዲን ገብረኪዳን ሲነግራቸው «መጀመሪያ አናቱን በስፒሪት አሙቁት፣ ከዚያ በፖምፓው ንፉት» እንዳለ ተናገሩ። አቶ ሀብተ ማርያም በበኩላቸው «መጀመሪያ ንፉት፣ ከዚያ ራሱ ይሞቃል» ማለቱን በጆሯቸው መስማታቸውን አረጋገጡ። አቶ ቱሳም ገብረኪዳን አንድ ነገር እንደነገራቸው፣ በዚያን ሰዓት ግን በቅሏቸውን እየጫኑ ስለነበር እንዳላዳመጡት አልደበቁም። አቶ ሀብተ ማርያም በፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ የሰሙትን ስተው እንደማያውቁ አነሡ። አቶ ሙህዲን ይህ ፍርድ ቤት ሳይሆን የእሳቸው መጋዘን መሆኑን አነሡ። ድምፆች ከፍ ከፍ አሉ። ግራዝማች ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ይቆረጥ አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ይነፋ ያሉ ሁለት፣ ይሙቅ ያለ አንድ፣ ተአቅቦ አንድ (አቶ ቱሳ፣ ከበቅሏቸው ጋር በተያያዘ ምክንያት)። ጸሐፊው ድምፅ አልተጠየቀም። በዚሁ መሠረት ፕሪሙሱ መጀመሪያ እንዲነፋ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ፕሪሙሱም እንዲያከብረው ታዘዘ።

ውሳኔው ስለሚያስከትለው ነገር

ግራዝማች ፖምፓውን በገዛ እጃቸው ነፉ፤ ደጋግመው ነፉ። አቶ ሀብተ ማርያም ክብሪት ጫሩ።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ጣሪያው ተነሣ። ጥቁር ጭስ ክፍሉን ሞላው። አቶ ሀብተ ማርያም የተለየ አቋም እንዳላቸው ሳይገልጹ በበሩ ወጡ። አቶ ሙህዲን «ስንዴዬን! ስንዴዬን!» እያሉ አንድ ጆንያ ተሸክመው ተከተሏቸው። ሊቀመንበሩ በመስኮቱ በኩል ለመውጣት ያቀረቡት ሐሳብ መስኮቱ እኩሌታው ብቻ የተከፈተ ስለነበር በእኩሌታ ተቀባይነት አገኘ። አቶ ቱሳ በበሩ ዞረው ከውጭ በኩል የሊቀመንበሩን እጅ ስበው ቀሪውን እኩሌታ አስፈጽመዋል።

ጸሐፊው አልወጣም። ቃለ ጉባኤው ሳይዘጋ እንዳይወጣ የተወሰነበትን ውሳኔ አክብሮ ነው ቢባል ደስ ባለው፤ እውነቱ ግን የፈራው ፕሪሙሱ ከተበላሸ ጥሩነሽ ምን ልትበላ ነው ብሎ ነው። እርጥብ ጆንያ በእጁ ይዞ ቆመ። ነበልባሉም የፕሪሙሱን አናት ራሱ አሙቆ፣ ቀስ እያለ ዝቅ አለና ሰማያዊ ሆኖ ይፏጭ ጀመር። ገብረኪዳን ለአቶ ሙህዲንም ለአቶ ሀብተ ማርያምም እውነት ተናግሮ ኖሯል፤ ልዩነቱ ቅንድብ የመለብለቡና ያለመለብለቡ ጉዳይ ብቻ ነው።

ግራዝማች ከማዶ ሱቅ በረንዳ ሆነው ስብሰባው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል ብለው ጮኹ። ከስብሰባው ክፍል ውጭ የተሰጠ አስተያየት ስለሆነ አልጸደቀም።

የስብሰባው ቀጣይ ክፍል

ወይዘሮ ከዲጃ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በዚህ ጊዜ አልጠየቁም። ድስቱን በውኃ ሞልተው፣ ዱቄቱን በቁና፣ ማማሰያውን በብብታቸው ይዘዋል። ቅቤው በውሳኔው መሠረት ደጃፍ ላይ ቀርቷል።

ጸሐፊው ግራና ቀኝ ተመለከተ። በክፍሉ ውስጥ መናገር የሚፈልግ ሌላ የኮሚቴ አባል አልነበረም። ስለዚህ ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት የመጀመሪያ ንግግሩን አደረገ፦ «እትዬ ከዲጃ፣ በሞቴ ይጣዱት!»

ወይዘሮ ከዲጃ «አንተ ልጅ፣ ምላስህ ነበረች እንዴ?» ብለው ጣዱት። ውኃው ሲፈላ ዱቄቱን ጨመሩ። ገንፎ ኃይለኛ ማማሰል ስለሚፈልግና ፕሪሙሱ እግሩ ቀጭን ስለሆነ አንድ ሰው ድስቱን በጆሮው መያዝ ነበረበት። ጸሐፊው በጨርቅ ይዟል። የኮሚቴ አባል ሆኖ ገንፎ ሲገነፋ መታየቱን አቶ ሀብተ ማርያም ከማዶ ሆነው ተቃውመዋል። አልጸደቀም።

ገንፎው ወደ ገበታ ከወጣ በኋላ ጉባኤው የሚከተለውን አከታትሎ አጽድቋል፦

አንደኛ፣ ወይዘሮ ከዲጃ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የኮሚቴው አባል ሆነዋል። የተቃወመ የለም።

ሁለተኛ፣ ቅቤው እንዲገባ ተፈቅዷል። ገብቷልም።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በፕሪሙሱ፣ በመስኮቱ፣ በቅቤው፣ በልምድና በጸሐፊው አፍ ላይ የተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ ተሽረዋል። የምልዓተ ጉባኤውም ውሳኔ በመጨረሻ ተሽሯል፤ በመጨረሻ የሆነው እስከዚያ ድረስ ስላስፈለገ ነው። ፕሪሙሱ ካሁን በኋላ አይቆለፍም። አራስ፣ በሽተኛ ወይም ሐዘንተኛ ያለበት ቤት ያለ ስብሰባ መጥቶ ይወስደዋል። አናቱን መጀመሪያ ያሙቅ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይክፈት፣ ከሚነድ ምድጃ አጠገብ አይራቅ።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ፣ በሁለት ሰው አልፏል።

ስለ መዝጊያው

ቃለ ጉባኤው የተፈረመው በጸሐፊው ቤት ነው። የኮሚቴው አባላት በዝናብ ርሰው ተራ በተራ መጥተዋል። አቶ ሀብተ ማርያም በነገው ቅዳሴ ምክንያት አራስ ቤት መግባት ስለማይችሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው ነው። ቅቤ ያልነካው ጥጉ ተቆርሶ ወጣላቸው፤ አንድ ጊዜም አስጨምረዋል። አቶ ቱሳ ወንዙ እንደጎደለ ደረቅ እንጨት በበቅሏቸው ሊያመጡ ቃል ገብተዋል። አቶ ሙህዲን ያቺን አንዷን ጆንያ እስከ አሁን ከጀርባቸው አላወረዷትም።

ጥሩነሽ በላች። ላብ ላብ አላት፤ ፊቷም ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሰው ከምን እሳት እንደወጣ ጠየቀች።

ግራዝማች ለመፈረም መነጽራቸውን ቢያወጡ ጥላሸት ለብሷል። ስንት ውሳኔ እንዳሳለፍን ጠየቁ። ጸሐፊው ስለ ፕሪሙሱ የቀረው አንድ ነው አላቸው። «ይህን ሁሉ ተሟግተን?» ብለው ተገረሙ፤ ሕፃኗን አዩ፤ «ይሁን፣ አንዷ ትበቃለች» ብለው ሳያነቡ ፈረሙ።

ስብሰባው የተዘጋበት ሰዓት፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ገበታው ባዶ ሲሆን።

ፈቃደ፣ ጸሐፊና የልጅ አባት