ክቡር የወንበር ሚኒስትር

አንድ እንቢ ባይ ሽማግሌ የሌላት ቤተ ክርስቲያን በዓለም ላይ የለችም። ካለችም ገና ጣሪያ አልለበሰችም ማለት ነው። የእኛውን “ክቡር የወንበር ሚኒስትር” እንላቸዋለን፤ ሹመቱን የሰጠናቸው ግን እሳቸው በሌሉበት ነው። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። የአዳራሹን ወንበር ሁሉ የሠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ መቀመጣችንን እንደ ውለታ ይቆጥሩብናል።

ጊዜው ተለውጧል፣ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይሆንም፣ ባለሙያ እንቅጠር የተባለ ዕለት ክቡርነታቸው ብድግ አሉ። “ለጌታ ቤት ደሞዝተኛ? ነገ ደግሞ ጸሎቱን በኮንትራት ስጡት!” ሰሚ ሲያጡ፣ ቅጥር ኮሚቴው ውስጥ ካልገባሁ ብለው ድርቅ አሉ። ገቡ።

ከዚያማ አመልካች አበቃለት። የሒሳብ ባለሙያው ዲግሪውን ገና ከቦርሳው ሳያወጣ፣ “እሱ ይቆይ፤ እስቲ መጀመሪያ ወንበር አንሳ” ተባለ። ባለ ክራቫቱ የወጣቶች አስተባባሪ ወንበር ተሸክሞ ወጣ፤ ወንበሩ በረንዳ ላይ ተገኘ፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ።

ስብከቱን በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ሰው ሲፈለግ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ልጄን የሚይዝልኝ ስላልነበረ ታቅፌያት ገባሁ። ያ ሥራ ካመለጠኝ ጓዜን ጠቅልዬ እናቴ ቤት ከመመለስ ሌላ መላ አልነበረኝም።

“ዘመኑን እንምሰል” ሲሉ የከረሙት የኮሚቴው ሰብሳቢ ልጄን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እህታችን፣ ሙያሽስ ጥሩ ነው። ግን ከልጅ ጋር እንዴት ይሆናል?”

“እሱ ይቆይ” አሉ ክቡርነታቸው። “እስቲ መጀመሪያ ወንበር አንሺ።”

“ጋሼ፣ ልጅ ይዣለሁ እኮ!”

ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። “አምጫት። አሁንስ?”

እልህ ይዞኝ ሁለት ወንበር ደራርቤ አነሣሁ። ዞር ስል ልጄ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ትጠባለች።

“ትቀጠር” አሉ ሰብሳቢውን። “ልጅቷን እኔ እይዛለሁ። በነፃ! እኔ ደሞዝተኛ አይደለሁም።”

ይኸው ልጄ ጥርስ ያወጣችው እሳቸው ትከሻ ላይ ነው። ዛሬም ቅጥር የሚባል ነገር አይጥማቸውም፤ ስለ ደሞዜ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሑድ እሑድ ግን ከካሜራዬ ጀርባ ቆመው ልጄን እሹሩሩ ሲሉ፣ ጎርናና ድምፃቸው ከስብከቱ ጋር አብሮ ይተላለፋል። ያን ቀን እጃቸውን ባይዘረጉ የት እወድቅ ነበር እያልኩ፣ በሰማሁት ቁጥር አመሰግናለሁ።

ሰብሳቢው ያን ድምፅ አጥፊው እያሉ በየሳምንቱ ያሳስቡኛል። ማጥፋቱስ አንድ ቁልፍ መጫን ነበር።

“እሱ ይቆይ” እላቸዋለሁ።