ሽማግሌ የተላከባት የክርስትና እናት

የእኛ ሰው አገር ሲለቅ በርበሬውን ጉምሩክ ሊይዝበት ይችላል፤ ሽምግልናውን የሚይዝበት ኬላ ግን እስካሁን አልተሠራም። ባልና ሚስት ተኳረፉ፣ ሽማግሌ። ሁለት ጓደኛሞች ሬስቶራንት ከፍተው ተካሰሱ፣ ሽማግሌ። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሰውዬ አከራዩ ልቀቅልኝ ቢለው ሦስት ሽማግሌ ልኮበታል ይባላል። አከራዩ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ሻይ አጠጣና፣ ሰውዬው መቼ እንደሚወጣ ጠይቆ ሸኛቸው።

በሽምግልና እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። እኔም በሽማግሌ ተድሬ፣ ከአንዴም ሁለቴ በሽማግሌ ታርቄ እዚህ የደረስኩ ሴት ነኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል እንጂ ያልተጣላን ሊያስታርቅ ሲነሣ ምን ይባላል? እኛ ግን አደረግነው። ያውም በቁርባን ጉዳይ፣ ያውም ከአሜሪካ ፖለቲካ ጋር አያይዘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ካቶሊኮች በአንድ ጥያቄ ይታመሱ ነበር። ጽንስ ማስወረድን በአደባባይ የሚደግፍ ካቶሊክ ፖለቲከኛ ቁርባን ይከልከል ወይስ አይከልከል? አንዱ ጳጳስ ይከልከል ይላል። ሌላው በጸሎትና በምክር እንያዘው ይላል። ሦስተኛው ጋዜጠኛ ሲደውልለት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ምእመኑም እንደ ጳጳሶቹ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ ቅዳሴ አልቆ ዶናት በሚበላበት አዳራሽ ሳይቀር ይነታረካል።

«ደግሞ ካቶሊክ ሐበሻ አለ እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ስጠየቅ የኖርኩት ነው። አለ። እኔ ድሬዳዋ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ኦክላንድ ውስጥ ጥቂት ቤተሰቦች ነበርን፤ አሜሪካኖቹ እሑድ ጠዋት አስቀድሰው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ገብተን በግዕዝ እናስቀድሳለን። ትንሽ ነን፤ ግን ትንሽ ነን ብለን ጭቅጭቁን አልቀነስነውም።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ተስፋሚካኤል ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ኮሌጅ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት ቀድመው የሚደርሱ፣ አዲስ የመጣ ሲኖር ሥራ የሚያፈላልጉ እሳቸው ናቸው። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስማቸውን አጠፋሽ እንዳትሉኝ ነው።

ሌላዋ ባለ ጉዳይ ዶሎረስ ናት። እውነተኛ ስሟን ልተወው። የከተማ ምክር ቤት አባል ነበረች፤ ካቶሊክ ናት፣ በጠዋቱ ቅዳሴ ከፊት ወንበር የማትጠፋ። ከዚህች ሴት ጋር የተዋወቅነው በችግሬ ጊዜ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለቱ ልጆቼ ጢምና ጡት ማውጣት ጀምረው፣ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ይጭን የነበረው ባሌ ወገቡን ተጎድቶ አልጋ ላይ ውሎ፣ በዚያ ላይ እኔ አረገዝኩ። የምንኖርባት ቤት ባለ አንድ መኝታ ናት፤ ላንድሎርዱ አምስተኛ ሰው አላስገባም አለ። ሰው ጠቁሞኝ ዶሎረስ ቢሮ ሄድኩ። ተቀምጣ ሰማችኝና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» መውለድ እንደምፈልግ ነገርኳት። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ባለ ሁለት መኝታ ቤት አፈላልጋ አገኘችልን፤ የሕፃን አልጋ ከአክስቷ ልጅ ቤት በራሷ መኪና ጭና አመጣች። ሴት ልጅ ስወልድ፣ የክርስትና እናቷ ማን እንደምትሆን ማሰብም አላስፈለገኝም።

ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ ጋሽ ተስፋሚካኤል ጋዜጣ ይዘው ቤቴ ከች አሉ። ዶሎረስ ጽንስ ማስወረድን ለመደገፍ አንድ ክሊኒክ ደጃፍ በተደረገ ሰልፍ ላይ ማይክሮፎን ይዛ ስትናገር የተነሣችው ፎቶ ነው። «ይህች ናት ለልጅሽ ሃይማኖት የምትዋስላት?» አሉኝ። ክርስትናው ከእሷ ጋር ከሆነ ማኅበሩ ቅሬታውን ለቄሱ ያቀርባል አሉ።

እውነት ለመናገር፣ በነገሩ አልተሳሳቱም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን እኔም አውቀዋለሁ፤ አምንበታለሁም። ዶሎረስን ራሷን በዚህ ጉዳይ ተከራክሬያታለሁ። «በግሌ አላደርገውም፤ በሌላ ሴት ላይ ግን አልፈርድም» ትላለች። በሰልፍ ላይ እሱኑ፣ በሬዲዮ እሱኑ፣ ለእኔም ወጥ ቤቴ ተቀምጣ እሱኑ። ጽንሱስ፣ የሱን ነገር ማን ይናገርለታል ስላት ትተክዛለች፤ ተክዛ ተክዛ ያንኑ ትደግመዋለች። ያናድዳል። ግን የሚያናድድ ሰው ሁሉ ከደጅ ይመለስ ከተባለ፣ ክርስትና ላይ ሕፃኗ ብቻዋን ልትቀር ነው።

ወደ ቄሱ፣ ወደ ደብሩ አለቃ ወደ አባ ጆን ሄድኩ። አየርላንዳዊ ናቸው፤ ከሰው መጣላት የሚፈሩ ደግ አባት። መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ የክርስትና እናት እንደ እምነቷ የምትኖር ካቶሊክ መሆን እንዳለባት አነበቡልኝ። ፕሮቴስታንት ብትሆን ኖሮ ግን ከአንዲት ካቶሊክ ጎን ምስክር ሆና መቆም ትችል ነበር አሉኝ። «እንግዲያው እስከ እሑድ ድረስ ፕሮቴስታንት ትሁንልኝ?» አልኳቸው። አባ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በመጨረሻ ያገኙት መላ፣ ከማኅበሩ ቅሬታ ካልቀረበ እሳቸውም ቅሬታ እንደሌላቸው ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ። የእኛው የኦክላንዱ ጳጳስ ነገሩን ለቄሱ ትተውታል፣ ቄሱ ለማኅበሩ ተዉት፣ ማኅበሩ ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው። ስልኬ ማረፊያ አጣ። ከሪችመንድ ይደወላል፣ ከፓሎ አልቶ ይደወላል፤ ገሚሱ «በርቺ» ይለኛል፣ ገሚሱ «ልጅሽን ለፖለቲካ» ይለኛል። ባሌ ከአልጋው ሆኖ፣ ኦክላንድ ሴት አልጠፋም፣ ሌላ ፈልጊ አለኝ። ሌላ ብፈልግ፣ ሁሉም ሲሸሸኝ የቀረበችኝን ሴት በር ዘጋሁባት ማለት ነው። ባልፈልግ ልጄ ሳትጠመቅ ልትቀር ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ይኼኔ ነው ጋሽ ተስፋሚካኤል ዘዴ መጣልኝ ያሉት። ሽማግሌ እንላክባት፤ አቋሟን እናስተዋት፣ ከጳጳሱም እናስታርቃት። ጳጳሱ እኮ አልተጣሏትም። እሷም አልተጣላቻቸውም። ቢሆንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው ዶሎረስ ደጅ ቆሙ። ሁለቱ እንግሊዝኛ እምብዛም ናቸው። ሦስተኛው፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ራሳቸው፣ ከእኔ አሥር እጥፍ ይችላሉ፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሽምግልና አይሆንም ብለው ተርጓሚ አደረጉኝ። ሕፃኗን ታቅፌ ገባሁ።

ዶሎረስ ተቀመጡ አለች። አልተቀመጡም። ሶፋው የድመት ጠጉር ስላለበት መሰላትና በእጇ ጠራርጋ እንደገና ጋበዘች። ንቅንቅ የለም። ወጥ ቤት ገብታ የእንጨት ወንበሮች አምጥታ ደረደረች። ሦስቱም ወንበሮቹን አመስግነው ቆሙ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ ምን አድርጌያቸው ነው አለች። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ እንደማይቀመጥ አስረዳኋት። ጉዳዩንም ነገርኳት።

ሰማችኝና፣ አቋሟን እንደማትለውጥ፣ እንግዶቿ ቆመው እሷም እንደማትቀመጥ ተናገረች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ባዶ ወንበር በከበበው ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው ቆሟል። ጋሽ ተስፋሚካኤል ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው የማያውቅ የለም፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግራቸው ይደገፋሉ። ሕፃኗ አለቀሰች። ማንም አልተቀመጠም።

ዶሎረስ ልጄን ከእጄ ወሰደቻት። እያባበለቻት ወደ ጋሽ ተስፋሚካኤል ቀና አለች።

«ይህች ሴት እርጉዝ ሆና ስትመጣ፣ የምትፈልገውን ጠየቅኋት። መውለድ አለች፤ አልጋ ፈለግንላት» አለች። «ያን ጊዜ እናንተስ ምን አላችኋት?»

የምታውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ለክርክር ብላ ነው የጠየቀችው። እኔ ለመተርጎም አፌን ስከፍት ጋሽ ተስፋሚካኤል ተቀመጡ።

አዎ፣ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የሆነውን ማመን አቃታቸው። «ኧረ ጋሼ፣ መልስ ሳይሰጠን?» አላቸው አንደኛው።

«ጉልበቴ» አሉ፣ ወለሉን እያዩ።

እኔ ግን አውቃለሁ። የሦስት ወር እርጉዝ ሳለሁ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝ አድርገውኝ ነበር። «አይ ልጄ» አሉኝ፣ «በዚህ ዕድሜ፣ ባልሽ ተኝቶ። ይህ እኮ አሜሪካ ነው፤ ሐኪሞቹን አማክሪ። እግዜርም ያለሽበትን ያያል።» ክፋት አልነበረበትም፤ አዝነውልኝ ነው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ፣ አለቀስኩ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ያን ቀንም ቢሆን ለሁለቱ ሽማግሌዎች ጥያቄውን አልተረጎምኩላቸውም። ውሾን ያነሣ ውሾ።

እሑድ ጋሽ ተስፋሚካኤል አልመጡም፤ ጉልበታቸውን አሟቸዋል ተባለ። አባ ጆን ግራ ቀኙን አይተው ቅሬታ የሚያቀርብ አለመኖሩን አረጋገጡና እፎይ አሉ። ልጄን ዶሎረስ አቅፋ አስጠመቀቻት። በወሩ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ላይ ያንኑ ንግግር አደረገች፤ ደውዬላት በስልክ ተጨቃጨቅን፤ እሷም አልተበገረች፣ እኔም አልተበገርኩ። ጳጳሳቱም እንደሰማሁት እስካሁን አልተስማሙም።

ልጅቷ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ እንግሊዝኛ ነው። ወደ ማኅበሩ አዳራሽ በገባች ቁጥር ጋሽ ተስፋሚካኤል ከወንበራቸው ይነሡላታል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣ ለሰባት ዓመት ልጅ። ኧረ በማርያም ይቀመጡ እንላለን፤ እሳቸው ግን እሷ ካልተቀመጠች አይቀመጡም። ባለፈው እሑድ እጄን ጎተት አድርጋ፣ እኚህ አያት ለምንድን ነው የማይቀመጡት ብላ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ።

«አንድ ጊዜ ተቀምጠው ነበር» አልኳት።