ክቡር መራጭ ዓሣ ሲመርጡ

በየቤተሰቡ አንድ መራጭ አይጠፋም። ሌላው ሰው ገበያ ወጥቶ ዕቃ ይገዛል፤ መራጭ ግን ዕቃውን ይመረምራል፣ ይፈትናል፣ የትውልድ ሐረጉን ይጠይቃል፤ ከዚያም ባዶ እጁን ይመለሳል። ቲማቲም ሲያነሳና ሲጥል ከኋላው የተሰለፈው ሰው ይሸብታል። ዳቦ ሲገዛ እንደ በር ያንኳኳዋል። ማንኪያ ሊገዛ ሄዶ ባዶ ብርጭቆ ሲያማስል የዋለ፣ በመጨረሻም "ድምፁ አልጣመኝም" ብሎ የወጣ ሰው ካላያችሁ፣ ክቡር መራጭን አታውቋቸውም ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው ግን ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ የታላቅ እህቱ ባል ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የትም ሲሄዱ እሱን ያስከትላሉ፤ መምረጥ ተመልካች ይፈልጋላ! አንድ ጊዜ የመጋረጃ ጨርቅ ሲመርጡ ጣቃውን በሙሉ አሸክመው ፀሐይ ላይ አወጡት፤ ቀጥሎ ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ደመና እስኪመጣ አብረው ቆመው ጠበቁ። የዕድሜ ልክ ሥራው ጨርቅ ነውና አንድ ነገር ልበል ቢል፣ "አንተ ትሰፋለህ እንጂ አትመርጥም" ብለው አፉን አስያዙት። ባለሱቁም ስለ ጨርቁ እያስረዳ ነበር፤ እሱንም እንደ ሬዲዮ ዘጉት። በየሱቁ የሚሏት አንድ ቃል አለቻቸው፦ "የሻጩን አፍ ተወውና ዕቃውን እይ።"

ታዲያ ባለፈው ዓመት እህትየው ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ፤ ሐኪሙም ምርኩዝ ይዘሽ መራመድ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን አልተነሳችም። ዕድሜዋን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ያስተማረች ሴት፣ ሳሎን በተዘረጋላት አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። ምን ላምጣልሽ ስትባል ምንም ነው መልሷ። አንድ ቀን ግን ሆስፒታል ተራ ስትጠብቅ ያየቻቸውን ዓሦች አነሳች፤ ብርቱካናማ ናቸው፣ ነጭ መቀነት ታጥቀዋል፣ ሲዋኙ ወገባቸውን ይነቀንቃሉ። ክላውንፊሽ ይሏቸዋል። እነሱን እንኳ ባይ ደስ ይለኝ ነበር አለች።

ክቡር መራጭ ወገባቸውን አሰሩ። በየሱቁ መስታወት እያንኳኩ ገንዳ መረጡ። የባሕር ጨው መረጡ፤ የወጥ ቤቱ ጨው ለእነዚህ ዓሦች አይሆንማ። ድንጋይ መረጡ። ውኃው ዓሣ ለመቀበል እስኪበስል ሳምንታት መቆየት አለበት ሲባሉ ደግሞ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ለመምረጥ ጊዜ ተገኘ። እህትየው ሊጠይቃት ለመጣው ሁሉ ባዶውን ገንዳ እያሳየች፣ ባሌ ውኃ ገዛልኝ ትል ነበር።

የዓሣ ሱቁ ሴትዮ ወሬ የማይሰለቻት ሰው ናት። የክላውንፊሽ መልክ ስንት ዓይነት እንደሆነ ልብስ ሰፊው ከእሷ ነው የሰማው፤ መቀነታቸው ልክክ ያለ አሉ፣ ነጩ እንደፈሰሰ ወተት የተዝረከረከባቸው አሉ፣ ከራስ እስከ ጅራት ነጭ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው አሉ፣ ጥቁር በነጭ የለበሱም አሉ። ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ አለች፤ ከጥንዱ ትልቁ ግን ኋላ ሴት ይሆናል፣ ቤቱንም የምታዝ እሷ ናት። ስለዚህ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ ነው የሚወሰደው። ክቡር መራጭ ይህን ሁሉ አልሰሙም። አጉሊ መነጽር ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የአንዱ መቀነት በግራ በኩል ይሰፋል። የሌላው ክንፍ ጫፉ የተበላ ይመስላል። አንዱን ደግሞ አስተያየቱ አላማረኝም ብለው ተዉት።

በስንተኛው ምልልስ እንደሆነ እንጃ፣ ጥግ ላይ ካለ ትንሽ ገንዳ ሁለቱን አዩ። አንዱ ከሌላው ገዘፍ ይላል። ቀለማቸው እንደ ማር የጠለቀ ብርቱካን ነው፤ መቀነታቸው በማስመሪያ የተሰመረ። ሌሎቹ ከእነሱ አጠገብ ብዙ የታጠበ ጨርቅ መሰሉ።

"እነዚህ" አሉ ክቡር መራጭ።

"አባባ፣ እነሱ እኮ ሲያድጉ..." ብላ ጀመረች ሴትዮዋ። እጃቸውን አነሱባት። ዓሦቹን የያዘውን ላስቲክ ስታስርም ደግማ ሞከረች፤ ያኔ እሳቸው ስለ ላስቲኩ ውፍረት እያወሩ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ጋሼ፣ ይስሟት እንጂ አለ፤ መልሱን ግን ያውቀዋል። "አፏን ተወው" አሉት።

ዓሦቹ ቤት ገቡ። እህትየው ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ብዙም ሳይቆይ ምርኩዟን ይዛ ከአልጋው እስከ ገንዳው ትሄድ ጀመር፤ ምግባቸውን በጣቷ ቆንጥራ ልትሰጥ። ክቡር መራጭ ደግሞ ሙቀቱን ያያሉ፣ ጨዉን ይለካሉ፣ ውኃው ሲጎድል ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ይጨምራሉ፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨዉ አለመሆኑንም ልብስ ሰፊው በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ያስተምሩታል።

ከዚያ ትልቁ ዓሣ ጀርባው ጠየም አለ። መጀመሪያ የተከሰሰው አምፖሉ ነበር፤ ተቀየረ። ቀጥሎ ምግቡ ተቀየረ። መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ተወለወለ። በመጨረሻ ክቡር መራጭ ዓይናቸውን ሊታዩ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ዓሦቹ ግን እየበሉ፣ እየወፈሩ፣ እየጠቆሩ ነው።

"ጥቁሮቹ እኮ ናቸው አባባ" አለቻቸው ሴትዮዋ፣ ሱቋ ሲሄዱ። "ልጅ ሳሉ ነው ብርቱካን የሚመስሉት። ልነግርዎ ነበር።" ክፋት የላትም፤ ከፈለጉ በእውነተኞቹ ብርቱካኖች ልትቀይርላቸው ተስማማች።

ሲመለሱ በፍራፍሬ መደብ በኩል አለፉ። ክቡር መራጭ አንዲት ማንጎ እንኳ አልነኩም። ልብስ ሰፊው የደነገጠው ያኔ ነው። ቤት ሊደርሱ ሲሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፣ እሱንም አበላሸሁት አሉት። ተመልሳ ወደ ግድግዳው ብትዞርስ?

እህትየው የእግር እንቅስቃሴ ልትሠራ ሐኪም ቤት በሄደችበት ጠዋት ሊቀይሯቸው ተነሱ። ልብስ ሰፊው ባልዲ ያዘ፤ ልቡ ግን አልወደደውም። ክቡር መራጭ መረቡን አስገቡ። የገንዳው እመቤት፣ ትልቋ ዓሣ፣ ፈጥና መጥታ ጣታቸውን ነከሰች። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሟ ስላልገባ እህትየው ተመልሳለች። በምርኩዟ ቆማ ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

"ተሳስቻለሁ" አሉ ክቡር መራጭ። ልብስ ሰፊው ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። "ብርቱካን ነበር ያልሽኝ። ጥቁር ሆኑብሽ።"

እህትየው ቀስ ብላ መጥታ መረቡን ከእጃቸው ወሰደች።

"አንተ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ለምን የምነሳ ይመስልሃል? ጥቁሩ የት እንደደረሰ ለማየት ነው። ትናንት መሀለኛው መቀነት ጋ ነበር፤ ዛሬ አልፎታል። ብርቱካን ሆነው ቢቀሩ ኖሮ አንዴ አይቻቸው እተኛ ነበር።"

ክቡር መራጭ ተቀመጡና የተነከሰ ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩ።

እሑድ ጎረቤታቸው ፋርማሲስቱ መጣ። ዓሦቹን አደነቀና፣ ይሄ ሁሉ ቀለም እያለ እርስዎ ጥቁር እንዴት መረጡ አላቸው። ክቡር መራጭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ብርቱካን ማንም ይመርጣል" አሉ። "የሚለወጠውን መለየት ነው ዓይን የሚጠይቀው። እኔ ገና ብርቱካን ሳሉ ነው ያወቅኋቸው።"

እህትየው ሳቋን በሳል ሸፈነች። ፋርማሲስቱ አልተዋጠለትም መሰል፣ እውነት ነው እንዴ በሚል ዓይን ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። ልብስ ሰፊው ያን ሁሉ ዓመት ጣቃ የተሸከመው ለዚህች ቅጽበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃዋለች። ክቡር መራጭ ዓይናቸውን ዓሦቹ ላይ ተክለዋል።

"አብሬያቸው ነበርኩ" አለ ልብስ ሰፊው። "ባለሱቋ ልታስረዳቸው ብትል እንኳ፣ አያስፈልገኝም አሏት።"