ከሞተች አራት መቶ ዓመት ያለፋት፣ ገና ያልሞተች እመቤት

ዕውቀትን የሚያከብር፣ ትዕግሥት ያለው፣ እያወቀ አላውቅም ብሎ የሚያድር ሕዝብ አለ ከተባለ፣ እሱ የኦተርቢ ሕዝብ ነው። ሌላው የእንግሊዝ ከተማ በካቴድራሉ፣ በኳስ ቡድኑ ወይም በአይቡ ይኮራል። ኦተርቢ የሚኮራው በድራማ ገምጋሚ ማኅበሩ ነው። እሑድ ምሽት ቴሌቪዥኑ የነገሥታቱን፣ የጠንቋዮቹንና የመናፍስቱን ድራማ ያሳያል። ሰኞ ረፋድ ላይ ማኅበርተኛው በአዳራሹ ተሰብስቦ፣ ሁሉም ያየውን ለሁሉም መልሶ ይተርካል። ድራማው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ትረካው ሁለት። ዕውቀት ሲያድግ እንዲህ ነው።

ሊቀመንበሩ ሚስተር ኦዝበርት ክራብትሪ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በፖስታ ቤት ቴምብር ሲመቱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት የጥንት ታሪክ ሊቅ ሆኑ። በመካከሉ የተማሩት ነገር የለም፤ ጢም ብቻ አሳደጉ።

«ባለፈው ክፍል በጥልቀት እንደተመለከትነው» ይላሉ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ፈረሱ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ የዘመኑን የሥልጣን ሽግግር የሚያመላክት ነው።»

ጉባኤው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ፈረሱ ግን ውሃ ሊጠጣ ነበር የሄደው።

ከሁሉ ቀድማ የምትነቀንቀው ዊኒፍሬድ ታከር ናት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ በመበለቶች ቤት ትኖራለች። ይህ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በድንጋይ የተሠራ፣ ጥንት አንዲት ባለጸጋ እመቤት በኑዛዜዋ ለከተማው ባል የሞተባቸው ሴቶች ያለ ኪራይ የተወችው ነው። ዊኒፍሬድ ከዚህ ዓለም ሁለት ነገር አላት፤ ያቺን ክፍሏንና በማኅበሩ የፊት ወንበሯን። ሌላውን እግዚአብሔር ወስዶታል፤ የተረፈውን ደግሞ ልጇ ወደ ሊድስ ይዛ ሄዳለች።

በዚህ ዓመት ታዲያ የኦተርቢ ቀን ወጣላት። አዲሱ ድራማ ስለ ራሷ ስለ እመቤት ማርጀሪ፣ ያንኑ ቤት ስለተወችው ባለጸጋ ሆነ። በድራማው እመቤቲቱ በጥንቆላ ተከሳለች፤ በግቢዋ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር መንፈስም በፍቅሯ ተይዟል። ትቃጠል ይሆን? መንፈሱ ያድናት ይሆን? አገር ምድሩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል። ኦተርቢም ይጠብቃል። እመቤት ማርጀሪ ራሷ ግን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከእብነ በረድ ተቀርጻ፣ አፍንጫዋ ተሸርፎ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋድማለች። አርጅታ፣ በትኩሳት፣ በአልጋዋ ላይ እንደሞተች ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። አራት መቶ ዓመት አልፏታል።

ማኅበሩ አንድ ብርቱ ሕግ አለው፤ የድራማን መጨረሻ አስቀድሞ የተናገረ «አፍሳሽ» ይባላል፣ ይባረራልም። ሚስተር ክራብትሪ ሕጉን ሲያስጸድቁ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብለው ነበር። ሁለተኛውን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሐሳቡን ደግፋ መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ዊኒፍሬድ ነበረች።

የመጀመሪያው አፍሳሽ የተያዘው ሥጋ ቤት ነው። ሚስተር አልኮት የሚባል ጡረተኛ የታሪክ መምህር ጥብሱን እያስመዘነ ሳለ፣ ሥጋ ሻጩ «ማርጀሪ ምን የምትሆን ይመስልሃል?» አለው።

«ምን ትሆናለች፣ ሞታለች እንጂ። በትኩሳት፣ በአልጋዋ።»

ከኋላው የተሰለፈችው ዊኒፍሬድ የያዘችውን ቋሊማ መሬት ላይ ለቀቀችው።

«አፈሰስከው!»

«ምኑን?»

«መጨረሻውን ነዋ! አንተ ወሬኛ! እኔ ገና ሦስተኛው ክፍል ላይ ነኝ!»

«ዊኒፍሬድ፣ መቃብሯ ላይ አበባ የምታኖሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አበባ ማኖርና ማወቅ ለየቅል ነው!»

ሚስተር አልኮት በቀጣዩ ሰኞ ከማኅበሩ ተባረረ። ሚስተር ክራብትሪ ፍርዱን ሲያሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ከመጨረሻ አፍሳሽ ደም አፍሳሽ ይሻላል» አሉ። «ደም አፍሳሽ ቢያንስ የሚገድለው በሕይወት ያለ ሰው ነው።» ከዚያ ወዲያ የማኅበሩ አባል ሚስተር አልኮትን መንገድ ላይ ባየው ቁጥር ጆሮውን ይዞ ይሻገር ጀመር። ሰውዬው «ደህና ዋላችሁ» ሊል ይሆናል፤ ግን ማን ያውቃል፣ ከደህና ዋላችሁ ቀጥሎ የሆነ ንጉሥ ቢሞትስ?

በጎ ሥራ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። መቃብሩስ? አሉ። ሞት ተጽፎበት በአደባባይ የተጋደመ ድንጋይ ከአልኮት በምን ይሻላል? ዊኒፍሬድ ባለ ጽጌረዳውን አንሶላዋን ከቤቷ አምጥታ እመቤቲቱን እስከ አገጯ አለበሰቻት፤ ጽሑፉ ተሸፈነ፣ ፊቷ ብቻ ቀረ፤ ጉንፋን ይዟት የተኛች መሰለች። በየዓመቱ ለነፍሷ ጸሎት የሚደረግበት ዕለት ሲደርስ፣ ወጣቱ ቄስ ፔንሮዝ ግራ ተጋብተው አንሶላውን አዩና «ጌታ ሆይ፣ ለእመቤት ማርጀሪ ጤናዋን ስጥልን» አሉ።

«አሜን» አለ ምእመኑ።

«ውይ፣ ምን አገኛት?» አለች ከጎን የተቀመጠች አሮጊት።

«ዝም በይ» አለቻት ዊኒፍሬድ፣ «በሚቀጥለው ክፍል ይነገራል።»

ቀጥሎ የማኅበሩ ጸሐፊ ቤሪል ላምሊ በመበለቶች ቤት በር ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አየችና ደረቷን ያዘች። «እመቤት ማርጀሪ ባረፈች ጊዜ በኑዛዜዋ የተወችው» ይላል።

«ባረፈች!» አለች ቤሪል። «ያውም በትልልቁ!»

በኖራ ለሰኑት። መሰላሉን የያዘችው ዊኒፍሬድ ነበረች፤ ኖራው ፀጉሯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የገዛ በሯ ሲለሰን «ከላይ ትንሽ ጨምሩበት፣ ፊደሉ ይታያል» እያለች ታዝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት በተረት ብቻ ያለች ይመስለን ነበር።

ከዚያ ዝናብ መጣ። የእንግሊዝ ዝናብ የማኅበር ሕግ አያውቅም፤ በዊኒፍሬድ ጣራ ገብቶ በአልጋዋ ላይ ወረደ። ዊኒፍሬድም ወደ ሚስተር ክራብትሪ ቤት ሄደች። የእመቤቲቱን ኑዛዜ የሚያስፈጽሙት ባላደራዎች፣ እግዜር ሲሰጥ በአንድ እጁ አይሰጥምና፣ እነዚያው የማኅበሩ ሹማምንት ናቸው።

«ሚስተር ክራብትሪ፣ ጣራዬ አፈሰሰ።»

«ምን ብሎ?» አሉ ደንግጠው ጆሯቸውን እየያዙ።

«ኧረ ውሃ ነው ያፈሰሰው! አልጋዬ በሰበሰ። ከኑዛዜው ገንዘብ ያሠሩልኝ ብዬ ነው።»

እጃቸውን ከጆሯቸው ቀስ ብለው አወረዱ። ፊታቸው ላይ ታላቅ ሐሳብ ሲመጣ ይታያል፤ እንደ ላም ምጥ ነው፣ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

«ዊኒፍሬድ፣ ኑዛዜ የሚጸናው መቼ ነው?»

«ተናዛዡ ሲሞት ነዋ።»

«እና... ሞታለች?»

ዊኒፍሬድ ሥጋ ቤቱ ትዝ አላት፣ የፊት ወንበሯ ትዝ አላት።

«እሱ... ገና አልታወቀም» አለች።

«እንግዲያውስ!» አሉ ሚስተር ክራብትሪ።

በሰኞው ጉባኤ ውሳኔው ተነበበ። እመቤቲቱ በሕይወት ስላለች ኑዛዜ የለም፤ ኑዛዜ ስለሌለ የመበለቶች ቤት የሚባል ቤት የለም፤ ያለው ቤት ብቻ ነው፤ ቤት ደግሞ ይከራያል። ጉድጓዱን ፎቶ ሊያነሡ ከለንደን የሚጎርፉ የድራማው ወዳጆች ማደሪያ ቸግሯቸዋል። ስለዚህ ነዋሪዎቹ የመጨረሻው ክፍል ከሚታይበት እሑድ በፊት፣ ዓርብ ቁልፋቸውን እንዲያስረክቡ በአክብሮት ተወሰነ።

«በአክብሮት» አለች ዊኒፍሬድ። «የት ልሂድ?»

«አይዞሽ፣ ለጊዜው ነው» አሉ ሚስተር ክራብትሪ። «እስክትሞት ድረስ ብቻ።»

«ማን?»

«እሱን መናገር ክልክል ነው።»

ዊኒፍሬድ ለልጇ ደወለች። ልጇ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ ባሌ ጀርባውን ያመዋል አለች። የሰው ቤት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያመዋል። ዊኒፍሬድ ስልኩን ዘግታ ማንቆርቆሪያዋን በጋዜጣ ጠቀለለች፣ የባሏን ፎቶ በሹራብ ጠቀለለች፤ ከዚያ እርጥቡ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ማርጀሪ አሰበች። ምናለ ይቺ ሴት፣ አንዴ ሞታልኝ ብትቀመጥ!

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሻይ ተቀዳ፣ የዝንጅብል ኬክ ተቆረሰ። ሚስተር ክራብትሪ ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ዊኒፍሬድ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ተነሣች።

«ሞታለች!» አለች።

አዳራሹ ጮኸ። ሁሉም ጆሮውን ያዘ፤ ሲኒ የያዘው ሰው ሻዩን ለጆሮው አጠጣ።

«ምነው ዊኒ፣ ምነው!» ብላ ቤሪል አለቀሰች። «እኔ ያለፈውን ክፍል እንኳ አላየሁም! ቀድቼ ነው ያስቀመጥኩት!»

«ሞታለች አልኩ! ሞታ፣ ተገንዛ፣ ተቀብራለች! አፍንጫዋ እንኳ ረግፏል!»

«ውጪ!» አሉ ሚስተር ክራብትሪ። «አፍሳሽ! ከፊት ወንበር ተነሺ! ከማኅበሩ ተባረሻል!»

«እወጣለሁ። ግን እርስዎን ባላደራ ያደረገዎት ማነው?»

«ኑዛዜው ነዋ! ኑዛዜው ሥልጣን የሰጠኝ...» ብለው ቆሙ።

ጆሮዎች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

«የቱ ኑዛዜ?» አለች ዊኒፍሬድ። «የለም አላላችሁም? ይኸው፣ እኔም ባዶዬን፣ እናንተም ባዷችሁን! ይሄ አዳራሽ በማን ብር ተሠራ? ወንበሩ የማን ነው? አፍዎ ውስጥ ያለው ኬክ በማን ገንዘብ ተገዛ? በሕይወት ያለች ሴት ቤት ሰብራችሁ ገብታችሁ ኬኳን ትበላላችሁ? አስፈቅዳችኋታል? ፖሊስ ልጥራ?»

ሚስተር ክራብትሪ አፋቸው ውስጥ ያለውን ኬክ ለመዋጥም ለመትፋትም ፈሩ። በመጨረሻ ዋጡት።

«የተከበራችሁ አባላት» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ጉዳዩን በአዲስ መልክ ማጤን ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። እመቤት ማርጀሪ ብትሞት የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ድራማው ሳያልቅ?» አለች ቤሪል እያነባች።

«ድራማ ያልቃል የኔ እመቤት። ባላደራነት ግን ማለቅ የለበትም። የሚደግፍ?»

የኦተርቢ እጅ እንዲህ በፍጥነት ተነሥቶ አያውቅም። ቄስ ፔንሮዝ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ። እመቤት ማርጀሪ ለአገር ጥቅም ሲባል፣ በሙሉ ድምፅ፣ ኬኩ ሳያልቅ ሞተች። አንሶላው ተገፈፈ፣ ደወል ተደወለ፣ ጥቁር ያላቸው ጥቁር ለበሱ። ቤሪል «ጠዋት ደህና ነበረች እኮ» እያለች ደረቷን ደቃች። ለዊኒፍሬድ ቁልፏ ቀረላት፣ ወንበሯም ተመለሰላት። ሚስተር አልኮትም ወሬውን ሰምቶ እንዲመልሱት ቢጠይቅ «አንተ ያልከው ከውሳኔው በፊት ነው» ተብሎ ተመለሰ። ከጉባኤ ቀድሞ ልክ መሆን ከስሕተት የከፋ ጥፋት ነውና።

እሑድ ምሽት ዊኒፍሬድ ማንቆርቆሪያዋን ከጋዜጣው ፈትታ ሻይዋን አፈላች፤ በክፍሏ፣ በቴሌቪዥኗ ፊት ተቀመጠች። ማርጀሪ እንጨቱ ላይ ታስራለች። እሳቱ ተለኩሷል። ዊኒፍሬድ በዕድሜዋ ለእሳት እንዲህ ጸልያ አታውቅም። «በርታ» ትላለች ነበልባሉን፣ «በርታ የኔ ልጅ!»

ድንገት ከጉድጓዱ ውሃው ገነፈለ። መንፈሱ ወጣ፤ ማርጀሪን ከእሳቱ መሐል አንሥቶ ከንፈሯ ላይ ውሃ ጠብ አደረገላት። «ከእንግዲህ ሞት አያገኝሽም» አላት። ማርጀሪ ፀጉሯን ነስንሳ፣ በወተት የታጠበ በመሰለ ፊቷ ወደ ካሜራው ዞራ ፈገግ አለች። ታሪኩ በሚቀጥለው ዓመት ይቀጥላል የሚል ጽሑፍ ከአገጯ ሥር ወጣ።

ዊኒፍሬድ ከወንበሯ ተነሣች። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዳ፣ የተቆጣ ጣቷን የእመቤቲቱ አፍንጫ ላይ ደቀነች።

«ስሚ አንቺ ሐሰተኛ!» አለቻት። «ዓርብ ዕለት በሙሉ ድምፅ ሞተሻል! ቄሱ ሳይቀር ሁለት እጁን አንሥቷል! አሁኑኑ ሄደሽ ተኚ!»