የጽዮን ሁዳዴ

«በሞቴ» የምትል ሴት ባለችበት ሰፈር ርቦት የሞተ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ጠግቦ የሞተው ቢቆጠር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይበቃም። እንዲህ ያለችዋ በየሰፈሩ አንድ አንድ አለች። እግዜር ሁለት ያላደረጋት ለሆዳችን አዝኖ ነው።

ለእስቴዋ ከተማ ለመካነ ኢየሱስ የደረሷት የጉርሻ ደጃዝማች፣ ክብርት ወይዘሮ አማረች ናቸው። መምህር መልአኩ ሳይንስ ሊያስተምር እስቴ ሲገባ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ወንደላጤ ነበር። የእሳቸው ጎረቤት ሆነ፤ በዓመቱ ሁለት አገጭ አበጀ።

ከጓዙ ጋር አንድ ፈረንጅ አስተማሪው የሰጠውን የአበባ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ነበር። አንገቱ በተሰበረ እንስራ አፈር ሞልቶ ተከለው።

«ማን ትባላለች?» አሉት ወይዘሮ አማረች፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«ፒዮኒ።»

«ጽዮኔ! እሰይ፣ ፈረንጅም እንዲህ ያለ ስም ያወጣል?»

«ጽዮኔ አይደለም እትየ፣ ፒ...»

«ታዲያ ይህን የሚያህል ስም ይዛ በውሃ ብቻ ታሳድራታለህ? ግፍ አትፈራም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አጓት፣ ማታ የአጥንት መረቅ፣ በመካከሉ የላም ፍግ ሆነ። «ብይ ጽዮኔ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ እንስራው ላይ ጎንበስ ይላሉ። ሌላው እንግዳ «አፈር ስሆን» ሲባል ይሳቀቃል፤ አበባዪቱ ግን በተስፋ ሳትጠብቅ አልቀረችም።

ፒዮኒ ወፈረች። ቅጠሏ ጎመን አስናቀ። አበባ ግን የለም፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። የመንደሩ ውሾች ብቻ መረቁ እየሸተታቸው እንስራዋን ይሳለማሉ።

መልአኩ መጽሐፉን ገልጦ ለመነ። «እትየ፣ ፍግ ሲበዛባት ቅጠል ብቻ ነው የምታወጣው። እንድታብብ ትንሽ አመድ ይበቃታል።»

«አመድ ለጠላቴ! አንተስ ስትመጣ አመድ መስለህ አልነበር? ማን ሰው አደረገህ?»

መልአኩ መጽሐፉን ዘጋ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ። በዚያ መንገድ እንስራ ሳይሰብር የሚያደርስ በቅሎ አልተወለደም። መልአኩ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ሳይሄድ አንዲት አበባ ማየት። አጥሩን በእሾህ አጠረ፣ መረቁ በእሾህ ላይ ተሻገረ። እንስራውን ቤት አስገባ፣ መረቁ በመስኮት ገባ።

ሁዳዴ ተያዘ። በመጀመሪያው ሰኞ ወይዘሮ አማረች ባዶ እጃቸውን መጡ።

«መረቁስ?» አለ መልአኩ ዓይኑን ባለማመን።

«እስከ አምና ሕፃን ናት ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አድጋለች። ጽዮንን የሚያህል ስም ይዛ ጾም ላስገድፋት?»

«ፍጉስ?»

«ፍጉ ከላም አይደለም እንዴ የሚወጣው? ከላም የወጣ ሁሉ ፍስክ ነው!» አሉና ከምድጃቸው አንድ እፍኝ አመድ አምጥተው ነሰነሱላት። «እስከ ትንሣኤ በዚህ ትቻለው። አመድ ጾም አያስገድፍም።»

መልአኩ ሳቁን ዋጠ። የሁለት ዓመት ማስረጃው ያላሳመናቸውን፣ አንዲት የስም ስሕተት አሳመነቻቸው።

በሆሳዕና እምቡጥ ታየ። በፋሲካ ጠዋት የሕፃን ራስ የሚያህል ቀይ አበባ ፈንድቶ አደረ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«አየህ?» አሉ ወይዘሮ አማረች፤ «የጾመን እግዜር ያሳምረዋል። ያንተ መጽሐፍ ይህን ያውቃል?» በእጃቸው በጣሳ ሙሉ የበግ መረቅ ይጨሳል። «በል ዞር በል፣ ትፈስክ። እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ጾም የለም!»

ሃምሳ ቀን! መልአኩ ጣሳውን ቀማና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«የሷን ድርሻ እኔ ጠጣሁት፣ እትየ።»

ወይዘሮ አማረች አልተቆጡም። እያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እዚያ ወገዳ ማን ‹በሞቴ› ይልህ ይሆን፣ ልጄ?»

የሳይንስ መምህሩ ወደ እንስራው ዞረ። አበባዪቱን ማን እንደሚወርሳት፣ ወርሶም ምን እንደሚያበላት ያውቃል፤ ሆኖም እንስራውን አንስቶ ወደ እሳቸው ደጅ ወሰደው። ተመልሶም ባዶውን ጣሳ ዘረጋላቸው።

«እስቲ ይድገሙኝ» አለ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይለመን።