ድንጋዩን የጋረደው ሰው

እናንተ፣ አንድ የታወቀ ጥንታዊ ቦታ ሄዳችሁ ካሜራችሁን ስታነሱ የማታውቁት ሰው ከፊታችሁ ገብቶባችሁ አያውቅም? የእኔ ዕድሜ ያለቀው እንዲህ ነው። ሰበታ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ከጉርድ ፎቶና ከሠርግ ነው። የምወደው ግን ሌላ ነው፤ ፍርስራሽ። የወደቀ ግንብ፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ ድንጋይ። በዓል ሲመጣ ሰው ወደ ዘመዱ ይሄዳል፤ እኔ ወደ ድንጋይ።

ታዲያ ድንጋይ ብቻውን መቼ ይገኛል? ጎንደር ሄጄ የቤተ መንግሥቱን መስኮት ላነሳ ብል በየመስኮቱ ሙሽራ ናት። አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ትወጣለች፤ ሚዜዎቹ ደረጃው ላይ ወረፋ ይዘዋል። ላሊበላ ደግሞ አንድ አባት ልክ እኔ በፈለግኩት ማዕዘን፣ ልክ ብርሃኑ በሚያርፍበት ላይ ቆመው ይጸልያሉ። ጸሎትዎን ያቋርጡልኝ አይባል! ጠበቅኩ። እሳቸው ሲጨርሱ ፀሐይዋም ጨርሳ ነበር። “ለአንተም ጸልያለሁ” ብለውኝ ሄዱ። ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

የፎቶ ቤቴ ግድግዳ እንዲህ በትዕግሥት በተገኙ ፎቶዎች ተሞልቶ ነበር። አንድም ሰው የለባቸውም። ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ በመጣች ቁጥር ቀና ብላ ታያቸውና “እዚህ አገር የነበሩት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?” ትለኛለች። ጥበብ አይገባትም እያልኩ ምሳዬን እበላለሁ።

የማስተር ፕላኑ ነገር የመጣው እንግዲህ እኔ በዚህ ዓይነት ስዞር ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ልትጠቀልል ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው ተባለ። ያልተባለ ነገር አልነበረም። ተማሪው ወጣ፤ ገበሬው ወጣ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ቡራዩ ያለው የባለቤቴ ወንድም አጥሩን ሊቀባ ቀለም ገዝቶ ነበር። “ነገ ለሚፈርስ አጥር ቀለም ላባክን?” እያለ ሲያመነታ ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ። ሳቅንበት። ግን የሱ ጭንቀት አጥር ነው። አርሶ የሚበላው ሰው ምን ይበል?

በዚያ ሰሞን ለሜሳ የሚባል ጎልማሳ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። የሱሉልታ ሰው ነው፤ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። ቁመቱ አያልቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንኳ ጭንቅላቱ ከመጋረጃዬ በላይ ወጣ። “ትንሽ ዝቅ በል” ስለው “ከዚህ በላይ ዝቅ ካልኩ መታወቂያው የሌላ ሰው ይሆናል” አለኝ። ተነስቶ ሲወጣ ግድግዳዬን አየ። “አባቴ ደጅ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ድንጋይ አለ” አለኝ። የአያቶቻቸው መቃብር ነው፤ ፈረስና ጦር ተቀርጾበታል፤ በዙሪያው ያለው ካብ ፈርሷል። ሲያልፉ እርጥብ ሣር ነጭተው ሳያኖሩበት አይሄዱም። እኔ “ካቡ ፈርሷል” ካለኝ በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። ልቤ ሄዷል። እሑድ ረፋድ ላይ እዚያው ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

እኔ መቼ እስከ ረፋድ እቆያለሁ? የጠዋቱ ብርሃን እንዳያመልጠኝ ማልጄ ሄድኩ። ከጫንጮ መንገድ ወረድ ብዬ ጠይቄ አገኘሁት። ምን ልበላችሁ፣ ያማረ ነው። ድንጋዩ ከሰው ቁመት ጥቂት ያንሳል፤ ፈረሱ ላይ ጤዛ አለ፤ ዙሪያው ጭር ብሏል። አንድም ሰው የለም! ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ተከልኩ፣ ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እስቲ ከሩቅ ሆናችሁ እዩኝ። በማስተር ፕላን ዘመን፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ሦስት እግር የተከለና አንድ ዓይኑን የጨፈነ ከተሜ ማን ነው? መሬት ቀያሽ ነዋ! አንዲት ሴት ከጉብታው ላይ ተጣራች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ዱላ በያዙ ሰዎች ተከበብኩ።

እዚያ አገር ግን ሰላምታ አይዘለልም። ዱላቸውን እንደያዙ “አካም ቡልታን፣ እንዴት አደርክ” አሉኝ። ናጋ፣ ደኅና ነኝ አልኩ። ቤተሰብ ደኅና? ደኅና። በእናንተ በኩል ዝናቡስ? እሱም ደኅና። እኔን ሊመቱኝ የመጡ ሰዎች ስለ ጤናዬ ጠይቀው እስኪጨርሱ ላቤ ጀርባዬን አራሰው። ሰላምታው ባያልቅ ብዬ የተመኘሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ወደፊት ወጡ። የለሜሳ አባት ናቸው፣ ኦቦ ደበላ። ምን እየለካህ ነው አሉኝ። አልለካም፣ ለሜሳ የጠራኝ የሰበታ ፎቶ አንሺ ነኝ አልኳቸው። ከሰበታ ድረስ ድንጋይ ለማንሳት የሚመጣ ጤነኛ ሰው አለ ወይ ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ያመነኝ የለም። በመጨረሻ ካሜራው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኋቸው። ይሄ ጎንደር ነው፣ ይሄ ላሊበላ ነው። ዓይናቸውን አጥብበው አንድ በአንድ አዩ።

“ሰዎቹስ?” አሉኝ።

“ዘወር እስኪሉልኝ ጠብቄ ነው ያነሳሁት፣ አባቴ” አልኩ በኩራት።

ከካሜራው ቀና አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከእኔ በፊት የመጣው ቀያሽ እዚሁ ቆሞ፣ እንደኔው በሦስት እግር አይቶ፣ ይሄ ክፍት ቦታ ነው ብሎ ሄዷል። ክፍት ቦታ! አባታቸው ያረፉት እዚያ ነው። የአባታቸውም አባት። እሳቸውም ቀናቸው ሲደርስ የሚገቡት እዚያው ነው። “ልጄ፣ አንተም ባዶውን አንስተህ ልትሄድ ነው። ያዩት ሰዎች ምን ይላሉ? ሰው የለበትም ይላሉ። ካነሳህ ከነሰዉ አንሳ። አለዚያ እግርህን ነቅለህ ሂድ” አሉኝ።

ለሜሳ እያለከለከ የደረሰው ይሄኔ ነው። ሦስት እግሬን አየ፣ ዱላውን አየ፣ የእኔን ላብ አየና ሳቁን ለቀቀው። “ቀያሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይፈራም” አላቸው። ሰዉም ሳቀ። ከዚያ መንደሩ በሙሉ ተጠራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ቀይረው መጡ። ሽማግሌዎቹ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ለሜሳ መሃል ላይ፣ ልክ ድንጋዩ ፊት ለፊት ቆመ።

ድንጋዩ ጠፋ ማለት ነው። “ለሜሳ፣ እባክህ ዘወር በልልኝ፣ ጋረድከው!” አልኩ።

“እሱ ስንት ዘመን ታየ! ዛሬ ደግሞ እኔ ልታይ” አለ።

ሰው በሰው የሆነ ፎቶ አንስቼ ተናድጄ ተመለስኩ። ፈረስ የለም፣ ጦር የለም። ቢሆንም ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁና አሳጥቤ በመስታወት አስገባሁት። ላደርስላቸው ስል መንገዱ ተዘጋ። ሰበታም ተናወጠች፤ ፎቶ ቤቴን ዘግቼ የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ፎቶውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ።

ኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፎቶውን ታቅፌ፣ ደስ ብሎኝ፣ መንገድ ላይ የምላቸውን እያሰናዳሁ ሄድኩ። ደጃፋቸው ስደርስ ገና ከውጭ “እንኳን ደስ ያለዎት ኦቦ ደበላ፣ መሬትዎ ተረፈልዎት!” ብዬ ገባሁ።

ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል።

ለሜሳ በአንዱ የግርግር ቀን ወደ ከተማ ወርዶ በጥይት ሞቷል። አስከሬኑን ያመጡት ጓደኞቹ ናቸው። ያ “እንኳን ደስ ያለዎት” እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኦቦ ደበላ ግን አልተቆጡም። ፎቶውን ተቀበሉኝ፤ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደጋግመው ወለወሉት። ለረጅም ጊዜ ተያይዘን አለቀስን።

ከዚያ ተነሱ። ካሜራህን ይዘሃል ወይ አሉኝ። ይዣለሁ። “ያኔ ያነሳኸን ልንነቀል ነው ሲሉን ነው። አሁን እዚሁ ነን። ድገመን” አሉ።

ወጣን። ሰዉም አንድ በአንድ እየመጣ በየቦታው ቆመ። ካቡ ላይ የተቀመጡት ካቡ ላይ፣ ሴቶቹም እንደ ቀድሞው። እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሥራ ክፉ ነው፤ ዓይን ሌንስ ላይ ሲገባ ልብ ውጭ ይቀራል መሰለኝ። እንደ ሠርግ ቤት ጮክ ብዬ “ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! መሃል ላይ ክፍት ቦታ አለ” አልኩ።

ማንም አልተነቃነቀም።

“ክፍት አይደለም” አሉኝ ኦቦ ደበላ።

እንዳለ አነሳሁት።

ግድግዳዬ ላይ አሁን ያለው እሱ ፎቶ ብቻ ነው። የቀሩትን አወረድኳቸው። ጉርድ ሊነሳ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያየዋል። ባለፈው አንዱ፣ ከኔ የተሻለ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቀርቦ አየና አደነቀኝ። በሰዎቹ መሃል ድንጋዩ እንዴት ጠርቶ ወጥቷል፣ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ አንዱም ሳይሸፈን! ሰዎቹን እንዴት ብለህ ከመሃል ዘወር አደረግካቸው አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ፎቶ ነው፤ ድንጋዩ ያለ ጋራጅ። ይኸው አገኘሁት። ምነው ያ ረጅም ሰው መጥቶ በጋረደብኝ።