ራሴ እንቁላል የሆነ ጊዜ

የመንዝ ሰው ራሱ ድንጋይ ነው የሚሉ ሰዎች የመንዝን ድንጋይ አያውቁትም! እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት አገናኝቻቸዋለሁና። ድንጋዩ አሸነፈ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። "ታዲያ በጥይት ተመትተህ ነዋ!" ትሉኝ ይሆናል። እንዳላችሁ ብሆን እንዴት ደስ ባለኝ… እኔ ከሞላሌ በላይ ባለችው መንደራችን ደጄ ላይ ተቀምጬ የበግ ቆዳ አለፋለሁ፤ አውሮፕላን መጣ። "ኧረ ግባ አንተ ሰው!" ብላ ሚስቴ የሺ ጮኸች። ገባሁ። እግሬ ገባ፣ ደረቴ ገባ… ራሴ ግን ውጪ ቀረ። የመንዝ ቤት ብርዱን ፈርቶ በሩን ዝቅ አድርጎ እንደሚሠራ በሩጫ ላይ ማን ያስታውሳል? የበሩ ጉበን ደግሞ አንድ ወጥ ጥቁር ድንጋይ ነው።

አውሮፕላኑ የጣለው ወረቀት ብቻ ነበር። የመንደሩ ዲያቆን አንስቶ ቢያነበው "አትፍሩ" ይላል አሉ። እኔ አልሰማሁትም፤ ራሴን ስቼ ነበር።

ስነቃ ወጌሻው አያ ተሰማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። አያ ተሰማ የተሰበረ እግር ጠግነው ባለቤቱን በዓመቱ ለሰርግ ዘፈን የሚያደርሱ ሽማግሌ ናቸው። "የራስህ አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ካላወጣሁት አንጎልህን ተጭኖ ይገድልሃል" አሉኝ። ሕመሙን እንዲያስረሳ ተብሎ አረቄ ቀረበ። ለእኔ ነው የተባለው፤ ግማሹን ግን እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ እሳቸው ጠጡት። ከዚያ ላጩኝ፣ ቀደዱኝ፣ የተሰበረውን አጥንት በወረንጦ እየለቀሙ አወጡ… ስለ ሕመሙ አልነግራችሁም፤ ምሳ የሚበላ አንባቢ ይኖራል።

ሲጨርሱ ቁስሉን በማር ሸፍነው በነጠላ ጠመጠሙልኝና፣

"ስማ ልጄ" አሉ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ራስህ እንቁላል ነው። አትሩጥ። አትጎንበስ። አትሸከም። አትጩህ። አትቆጣ። አትሳቅ። አታስነጥስ።"

"ማስነጠስ እንዴት ይከለከላል አያ?"

"አፍንጫህን ይዘህ እመብርሃንን ጥራ።"

የሺ ከኋላ ሆና፣ "ከሚስት ጋር መከራከርስ?" አለች።

"እሱማ ይገድለዋል!"

አቤት የፊቷ ብርሃን! ከዚያች ቀን ጀምሮ እሷ በመንደሩ ዘንድ የአያ ተሰማ እንደራሴ ሆነች። እንዳያስነጥሰኝ ብላ በርበሬ የሚደልዙ ጎረቤቶች ምንቸታቸውን ይዘው ማዶ እንዲሄዱ አዘዘች። ጨዋታ አዋቂ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ "የምትናገረውን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ" ብላ በር ላይ ታስቆመዋለች፤ ከሳቀች ይመለሳል፣ ካልሳቀች ይገባል። ስለዚህ ወደ እኔ የሚገቡት በምድር ላይ የተረፉ ደረቅ ሰዎች ብቻ ሆኑ። ስለ ሙግትና ስለ ሆድ ቁርጠት ሲያወሩልኝ ይውላሉ።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። የገደለኝ ጎረቤቴ ሽብሩ ነው።

የሽብሩ እርሻና የእኔ እርሻ ድንበር ይጋራሉ። ሽብሩ መቆጣትና መጮህ መከልከሌን እንደሰማ በሬዎቹን ጠመደና… በየቀኑ አንድ አንድ ትልም ወደ እኔ ይገፋ ጀመር! የመንዝ ሰው መሬቱ ሲነካ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ የድንጋይ ካቡ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ፣ ፊቴን ፈታ አድርጌ፣

"ሽብሩ… በእናትህ… እሷ እኮ የእኔ ናት…" እላለሁ።

"ምን አልክ? ጮክ በል፣ አይሰማም!"

"ተከልክያለሁ…"

"ምን? እንኳን ደህና ዋልክ ነው? እግዚአብሔር ይመስገን!" ብሎ በሬውን ይገርፋል።

ደሜ ሽቅብ ሲወጣ ራሴ ላይ ይሰማኛል። አጥንት የሌለበት ቦታ ላይ ቆዳው ብቻ ነው ያለው፤ በልቤ ምት ልክ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የሺ እሱን እያየች "ተው፣ ፈልተሃል! ፈልተሃል!" ትለኛለች፤ እንደተጣደ ሽሮ።

እንዲህ ስንብከነከን አንድ ጠዋት የጣሊያን ጦር ከነባንዳው ዱብ አለ። ዕቃ ተሸካሚ ፍለጋ ነው። የመንደሩ ሰው ወደ ገደሉ ዋሻ ሸሸ። እኔስ? እንዳልሮጥ ተከልክያለሁ። ቀስ ብዬ ልሂድ ብል የዋሻው አፍ የሚያስገባው የሚጎነብስ ሰው ነው፤ እሱንም ተከልክያለሁ። የሺ ጥላኝ አልሄድም አለች። ሽብሩ ደግሞ ከእኔ መሬት ላይ በሬውን ፈትቶ ሊሸሽ ሲል እዚያው ተያዘ። ትልሙን ቀድሞ ትቶት ቢሆን ኖሮ ያመልጥ ነበር!

ሦስታችንንም ጢሙን በከረከመ አንድ ወጣት የጣሊያን ሹም ፊት አቆሙን። አስተርጓሚው አንድ ሳጥን አመለከተኝ።

"ተሸከም ይልሃል።"

"አልችልም፤ ተከልክያለሁ" አልኩ በቀስታ።

"ማን ነው የከለከለህ?"

"አያ ተሰማ።"

አስተርጓሚው ነገረው። የሹሙ ዓይን ፈጠጠ።

"ይሄ ተሰማ የሚባለው የት ነው የመሸገው? ስንት ጦር አለው? ይልሃል።"

"ኧረ እሳቸው አንድ ምላጭና አንድ ወረንጦ ነው ያላቸው!"

"ሌላስ ምን ብሎ አዘዘህ?"

መዋሸት አልወድም። አንድ በአንድ ነገርኩት። "አትጎንበስ ብለውኛል። አትሸከም ብለውኛል…"

ወገኖቼ፣ እስኪ በጣሊያን ጆሮ ስሙት! አትጎንበስ! አትሸከም! እኔ የወጌሻ ትእዛዝ እነግረዋለሁ፤ እሱ የአርበኛ አዋጅ ይሰማል። ሽጉጡን መዘዘ። እኔ ደግሞ እንዳልጮህ ተከልክያለሁ፤ እንዳልሮጥ ተከልክያለሁ፤ ሞት ፊት ለፊቴ ቆሞ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እመብርሃንን እጠራለሁ።

የሺ ዘላ መሃላችን ገባች። "ይኸው እይ! የታዘዘው ለዚህ ነው!" ብላ የተጠመጠመውን ነጠላ ከራሴ ላይ ፈታችው።

ሹሙ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። ልቤ በፍርሃት እንደ ነጋሪት እየመታ ነው፤ ራሴም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የሹሙ ፊት እንደ አሬራ ነጣ።

"ምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው? ይላል።"

"አንጎሉ ነው" አለች የሺ።

"ምን እያደረገ ነው? ይላል።"

"እያሰበ ነዋ!"

ይሄ ሲተረጎምለት ሹሙ እንድሸከመው ባመጣው ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ውኃ ሰጡት። ሲሻለው ወደ እኔ ሳያይ በእጁ "ተዉት፣ ተዉት" አለ። ይህን ያየ ሽብሩም ራሱን በሁለት እጁ ያዘና "እኔም! እኔንም አያ ተሰማ ከልክለውኛል!" አለ። ባንዳው የሽብሩን ጥምጣም አውልቆ አየው፤ ከጠጉር በቀር ምንም የለም። ሳጥኑን ጫኑበትና በጠዋቱ ጉም ውስጥ ይዘውት ሄዱ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አዘንኩለት። ሰው ክፉ ጎረቤቱን ጣሊያን ሲወስደው ደስ አይለውም፤ ጎረቤት የግል ጠላት ነው፣ ለባዕድ አይሰጥም። የሺም አዘነች። አዝና ስትጨርስ ግን ወንድሟን ጠርታ፣ የእኛን ትልሞች አስመለሰች፤ ለድካሙ ብላም ከሽብሩ አንድ ትልም አስጨመረች።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ገለጥ ሲል ሽብሩ ሳጥኑን እንደተሸከመ ከች አለ! ዳገቱ ላይ ጉም ሲወድቅ ወደ ጢሻ ገብቶ ነው ያመለጠው፤ እነሱም ገደል ገብቷል ብለው አልፈውታል። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። አስቡት፣ ለአርበኞቻችን አንድ ሳጥን ጥይት! በየጫካው ያሉት ሰዎች ጠመንጃቸውን በባዶው ተሸክመው ከርመዋልና ሁለቱ ወዲያው ሊረከቡ መጡ። ሳጥኑ እኔ ቤት ተከፈተ፤ እኔ መውጣት አልችልማ።

አንደኛው አርበኛ እጁን ሰደደና አንድ ፍሬ አወጣ። ቀጭን ነው፣ ቢጫ ነው፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው።

"የጥይት ቀለህ ነው" አለ በጥንቃቄ።

"ባዶ ቀለህ ምን ያደርግልናል?" አለ ጓደኛው።

"ባሩዱን እኛ እንሞላዋለን!"

ሽብሩ የጀግና ኩራት ይዞት አንዱን ለመፈተን በጥርሱ ነከሰው። ቀው! አለ። አላመጠ… አላመጠ… ዋጠው። ከዚያ በጣም ተክዞ፣

"ጨው ይጎድለዋል" አለ።

መኮሮኒ! ሰውየው አንድ ሳጥን ሙሉ መኮሮኒ ነፍሱን ሸጦ ገደል ለገደል ተሸክሞ መጥቷል!

ሳቅሁ። አፌን ያዝኩ፣ አፍንጫዬን ያዝኩ፣ እመብርሃንን ጠራሁ፤ አልሆነም። መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ሳቅሁ። የሺ "ፈሰሰ! አንጎሉ ፈሰሰ!" እያለች ጮኸች፤ አያ ተሰማ ከላይ ቤት ተጠርተው እያለከለኩ መጡ። በአውራ ጣታቸው ራሴን ዳሰሱ፣ ጫን አደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

"ጠገገ!" አሉ። "ይሄን ሁሉ ስቆ ካልተከፈተ ከእንግዲህ አይከፈትም። ድነሃል ልጄ፤ ክልከላው ተነሥቷል።"

ሰው ሁሉ አቀፈኝ፤ ሽብሩ ሳይቀር። የሺ እንባዋን ጠረገች፣ ተሳለመች፣ ሦስት ጊዜ "ተመስገን" አለች። ከዚያ ወደ አያ ተሰማ ዞረች።

"መጎንበስ ይችላል?"

"ይችላል።"

"መሸከምስ?"

"እንደ በቅሎ!"

"እንግዲያው" አለችኝ፣ "ቀንበሩ ከጓዳ ነው፣ የማገዶው እንጨት ከማዶ ነው፣ ጣራው ደግሞ ከአናትህ በላይ ያፈሳል።"

እናንተ የታመማችሁ ሰዎች፣ ለመዳን አትቸኩሉ። ክልከላ ላይ ያለ ሰው ንጉሥ ነው፤ የዳነ ሰው ግን… ባል ነው።